ግልባጭ

አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው መዝገብ ይዤ፣
የስንቱን ጋብቻ፣ የስንቱን የሕመም ፈቃድ ጠርዤ፣
አንድ ሐሙስ ጠዋት፣
የደብረ ብርሃን ውርጭ ከቢሮዬ መስታወት
ገና ሳይለቅ፣ ገና፣
አንድ ፖስታ መጣ፣ ስሜ ተጽፎበት፣ በራሴው ቃል ቃና።

ከፍቼ ሳነበው አልደነቀኝም፤
አንድ ቃል አልጎደለ፣ አንድ ቃል አልተረፈኝም።
«ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ስለማቋረጥ»፤
ይቺን እኔ ነኝ ያሳጠርኳት፣ ሰው ቆሞ ሲያነባት ቶሎ እንድታመልጥ።
«ስላበረከቱት ቅን አገልግሎት ከልብ እያመሰገንን»፤
ይቺንም የጨመርኳት እኔ ነኝ፣
«ይጽናኑባት» ብዬ፣ ለምኜ አለቃዬን።
ባዶ የነበረው የስሙ ቦታ ነው፤
የኔ ስም ሲገባ ልክ ሆኖ ሞላው።
ከግርጌው «ግልባጭ» ይላል፦ ለፋይናንስ፣ ለንብረት ክፍል፣
ለሰው ኃይል አስተዳደር። ታዲያ ያንን ፋይል
የምይዘው እኔው አይደለሁ? ቁጥር ሰጠሁት፤
በቀይ እስክሪፕቶ «ተዘግቷል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር
ሰርቪሱ ከጥጋችን ደርሶ ጡሩምባውን ሲያሰማ፣
እግሬ ሳያማክረኝ ወርዶ ይፈልጋል ጫማ።
ባሌ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የተኛ ለመምሰል፤
ትርሲት ትደውላለች ከሐዋሳ፣ «እማ፣ ሲቪሽን ላኪና ላስተካክል።»
ሲቪ! እኔ ስንቱን ያነበብኩ፣
«ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ» ብዬ በር ላይ የለጠፍኩ።
አርባ ሰባት ሞላኝ።
ከሥሬ ተለማምዶ የወጣ ልጅ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ወንበር ሳበልኝ፤
«እንደውልልዎታለን» አለኝ።
ይቺንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የስንብት ክፍያው ጣሪያ አለበሰ፣ ዕዳ ሸኘ፤
በቀረው አንድ ደስጣ ሉክ፣ ሁለት እስክሪፕቶ፣ አንድ ዱካ ተገኘ።
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከጥዱ፣ ካቶ ገድሉ ጎን
ተቀመጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማመልከቻ ጽሑፍ ተማሪ ልሆን።
«አልቻልሽበትም» አሉኝ፣ የመጀመሪያዋን ሉክ አጥፈው፤
«ይሄ የቢሮ ነው። ሰውየው የለበትም።
የታለች ላሚቱ? የታለ ካቡ፣ ጎርፉ የናደው?»
እኔ ሰውን ከወረቀት ማስወጣት ነበር ሙያዬ፤
አሁን መልሶ ማስገባት፣ ከነጭቃ ጫማው፣ ሆነ ፈተናዬ።

ጣቴ በብርዱ አልታዘዝ ሲል በትንፋሼ አሞቃለሁ፤
ሦስት ሰው የመጣ ቀን እሰየው እላለሁ፤
ማንም ሳይመጣ ሲውል የጋሪ ፈረስ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ካንጎለላ መንገድ፣ ካፖርት የለበሰ
አንድ ሰው ፊቴ ተቀመጠ፤ ሊናገር አፉን ከፈተና መለሰ።
ጥላዬ። የበር ጥበቃው። መዝገብ ቁጥር ሁለት መቶ አራት።
ከስድስት ዓመት በፊት ነው፣ ስሙን በባዶው ቦታ ያስገባሁት።
አወቀኝ። አወቅሁት።
አቶ ገድሉ አስለው ዞር አሉ።
«ከየት ልጀምር?» አልኩት።
«ካባቴ» አለኝ። «ካባቴ ጀምሪ።»
ድሮ «እርስዎ» ነበርኩ።

ስለ ወንዝ ዳሩ ማሳ፣ የድንበሩን ድንጋይ ወንድሙ በሌሊት ስለገፋው፣
ገጽ ተኩል ሆነ። «ግልባጭ ለማን ይሁን?»
«ለወንድሜ። እሱም ይስማው።»
አነበብኩለት። አንዴ ብቻ አቋረጠኝ፣ የድንጋዩን መልክ ሊያስተካክል፤
ሃምሳ ብር ዘረጋ። «ተወው» ብለው፣
«ሥራሽ አይደል?» አለኝ፣ «ሥራሽ አይደል?»
ሉኩን አጥፎ ካፖርቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ሸጎጠው፣
ጥቂት ሄደ፣ ዞረ፤
«ያኔም» አለኝ፣ «አጻጻፍሽ ያምር ነበረ።»